ለኦቦ ገመዳ ያሳየሁት ደም

ሥራህ ምን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «የሰው ሰገራ ማየት» እላለሁ። ይስቃሉ። አንዳንዱማ የጨበጠኝን እጁን ሰረቅ አድርጎ በሱሪው ይጠርጋል። እኔ ምን ቸገረኝ! ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሰገራ፣ ሽንትና ደም ሳይ ኖሬ፣ ልጅ ሳላሳድግ፣ ቤት ሳልሠራ ጡረታ ወጣሁ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። አርሲ ውስጥ ያልሠራሁበት ወረዳ ጥቂት ነው። መጨረሻዬ አሰላ ሆነ፤ አሁንም እዚያው አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ።

የተሸኘሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ቆረሱ፣ ኃላፊው ስሜን ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጠርቶ አመሰገነኝ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አዲስ ማሽን ተቀምጧል። ደሙን ከሰጡት ራሱ ቆጥሮ ራሱ ያትማል። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ነው ነገሩ። አልተቀየምኩም። እውነቱን ለመናገር ግን ቀናሁበት። ፍጥነቱ አይደለም ያስቀናኝ፤ ሽማግሌ መጥቶ ቢጠይቀው የማይመልስ መሆኑ ነው። ምነው እኔም እንደሱ በሆንኩ ያልኩበትን ነገር ነው የምጽፈው።

ከደብረ ብርሃን ጤና ትምህርት ቤት ተመርቄ ስወጣ በዕጣ የደረሰኝ አርቦዬ ነበር። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ «ጄጁ ወረዳ ነው፣ ይሞቃል፣ ወባ አለ» አሉኝ። በመጀመሪያ ደመወዜ ለእናቴ ነጠላ ልኬ ለራሴ ጫማ ገዛሁ። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ላብራቶሪውን ብቻቸውን ይዘው ያገኘኋቸው ጋሽ ታዬ የሚባሉ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ቀልድ የማይገባቸው የሚመስሉ። መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑ የሚሠራው በመስታወት ነው፤ መስኮት ሥር አስቀምጦ የፀሐይዋን ብርሃን ከሥር ወደ ላይ መመለስ ነው። ጋሽ ታዬ ጠዋት በምሥራቁ መስኮት፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ፣ ፀሐይዋን እየተከተሉ ጠረጴዛቸውን ሲገፉ ይውላሉ።

ወባ ለማየት አንድ ጠብታ ደም ስላይድ በሚሉት ስስ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ጊምዛ የሚባል ቀለም ይፈስበታል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበትና ይታያል። በሌንሱ አንድ ጊዜ የምታየው ክብ ቦታ ከመርፌ ጫፍ ያንሳል፤ ስለዚህ ስላይዱን እየገፉ መቶ ቦታ ማየት ግድ ነው። መቶ ቦታ ማን ያያል? ወረፋው በር ላይ ሲጮህበት ሃያ አይቶ «ኔጋቲቭ» ብሎ የሚጽፈው ስንቱ ነው! ጋሽ ታዬ ግን ሁለት የወተት ቆርቆሮ ነበራቸው፤ በአንዱ ውስጥ መቶ የባቄላ ፍሬ። አንድ ቦታ ባዩ ቁጥር አንድ ባቄላ ከዚህኛው ወደዚያኛው ያዛውራሉ። ባቄላው ሳያልቅ ውጤት አይጽፉም። እኔ ወጣት ነበርኩና በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተገኘበትን ሰው ወረቀት በመስኮት ይሰጣሉ። ምንም ያልተገኘበት ሲሆን ግን ጓንታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ራሳቸው ይወጡና አግዳሚው ላይ ከበሽተኛው ጎን ይቀመጣሉ። «ዛሬ አላየሁም። ከባሰብህ ተመለስ» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳደረሰው ይጠይቁታል። ወረፋው ይጠብቃል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ጋሽ ታዬ፣ ምንም የሌለበትን ሰው ይዘው ምን ያስቀምጥዎታል? ሸኝቶ ሥራን መቀጠል ነው እንጂ» አልኳቸው።

«ያለበትማ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል» አሉኝ። «ይሄኛው ምን ይዞ ይሂድ?»

ሦስተኛው ልማዳቸው ከሁሉ የከበደ ነው። ውጤት ለባለቤቱ ካልሆነ ለማንም አይናገሩም፤ ምርመራውን ካዘዘው ሐኪም በቀር። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ የሚስቱን የደም ውጤት ሊጠይቅ መጣ። «ባለቤቱ ትምጣ» አሉት። «ባሏ እኮ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ባሏ ነህ፤ ደሙ ግን የሷ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሰውየው ለኃላፊው ከስሶ ወቀሳ አስጻፈባቸው። ወቀሳውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «ወርቅነህ፣ የሰው ደም ገበያ አይወጣም» አሉኝ። ሙያ በልብ ነው አልኩና አዳመጥኩ። አዳመጥኩ እንጂ አልያዝኩትም።

ከዚያ ሁሩታ ተዛወርኩ። እዚያ ነው ስለ ሕመም ማሰብ የጀመርኩት። እንደኔው ከሩቅ ተመድቦ የመጣ አንድ አስተማሪ ነበር፣ የጎጃም ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ ለሰገራ ምርመራ ይመጣል። ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። ምንም አይገኝበትም። ትምህርት ቤት ውስጥ «ሰነፍ፣ አስመሳይ» ብለው ስም አውጥተውለታል። አንድ ቀን መስኮቱን ይዞ «ወርቅነህ፣ በናትህ አንዲት አሜባ እንኳ ፈልግልኝ!» አለኝ። «በመንግሥት ማይክሮስኮፕ አሜባ አልፈጥርም» አልኩት። ሳቅን። እሱ ሳቁን ቀድሞ አቆመና ወረቀቱን አጣጥፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልመጣም፤ ወዴት እንደተዛወረም አላውቅም።

እንግዲህ በሽታ ማለት ምንድን ነው? ትል ከተገኘብህ ሚስትህ ሾርባ ትሠራልሃለች፣ አለቃህ ፈቃድ ይጽፍልሃል፣ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ካልተገኘብህ ያው ሆድ ያው ቁርጠት ይዞህ አስመሳይ ትባላለህ። የሚያመው ሰውየውን ነው፤ ታመሃል የሚለው ግን የእኔ ወረቀት ነው። ይሄን ሥልጣን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም። ሲሰጠኝ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኃጢአቴ እሱ ነው።

ቀጥሎ የተመደብኩት ከበቆጂ ከፍ ብላ ባለች አነስተኛ ከተማ ነው። ሰዎቹ በሕይወት ስላሉ ስሟን ልተወው። ገብስና ስንዴ፣ ጭጋግና ብርድ ነው። ቀለሙ በብርዱ አልይዝ እያለ ስላይዱን በመዳፌ መሀል አሞቀዋለሁ። መብራት ገብቶ ስለነበር ፀሐይ ማባረር ቀርቷል። ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ዋጋ ጠይቄ ሰላምታ ሰጥቼ ያልቅብኛል። ከሥራ ስወጣ የማወራው ሰው አልነበረኝም። የግቢው ውሻ እንኳ ከዘበኛው ጋር ነው የሚያድረው።

ሐሊማ እዚያ ነው የመጣችብኝ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ትሆናለች። «ና ጉባ፣ ና ጉባ» ትላለች፤ ያቃጥለኛል ማለቷ ነው። ከእምብርቷ ይነሳል፣ በጀርባዋ ይዞራል፣ ጉሮሮዋ ላይ መጥቶ ይቆማል። ሲቆም ትንፋሽ ያሳጣታል። ጤና መኮንኑ ደሟ ይታይ አለ፣ ሽንቷ ይታይ አለ፣ ሰገራዋ ይታይ አለ፤ ሁሉንም አየሁ። ንጹሕ ነው። በየገበያው ቀን ትመለሳለች። ነርሶቹ «ያቺ የምትቃጠለው መጣች» ይባባላሉ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጧት፣ ቫይታሚን ወጓት፣ «ነርቭ ነው» አሏት። እሷ እንደሆነ ወደ እኔ መስኮት ትመጣለች።

«ዛሬስ አገኘኸው?»

«አላገኘሁም።»

«ደግሞ ፈልግ። አለ እኮ!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሐሊማ ምን የደበቀችው ነገር ነበር? ሰባት ጊዜ መጣች፣ ሰባት ጊዜ ጮክ ብላ ተናገረች። እኔም ሰነፍ አልነበርኩም። እንደ ጋሽ ታዬ ባቄላ ባይኖረኝም መቶውን ቦታ ቆጥሬ አየሁላት። ስንፍና ቢሆንማ በተሻለኝ። ያናደደኝ ያ ሁሉ ልፋቴን አለማመኗ ነው። በየጊዜው «አለ» ስትለኝ ሥራህን አታውቅም ያለችኝ መሰለኝ። በፊት እንደ ጋሽ ታዬ ወጥቼ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፤ በስተመጨረሻ እሱንም ተውኩት፤ ወረቀቱን በመስኮት ወረወርኩላት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመዳ መጡ። በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸውን ነው። ነጭ ጺም፣ ንጹሕ ካፖርት፣ በትር። የሚያወሩት ቀስ ብለው ነው።

«ልጄ፣ ሰላም ነህ? ሥራስ እንዴት ነው? ከሐሊማ ነገር ነው የመጣሁት። የባሏን ቤት ትታ ወንድሟ ጋ ገብታለች። አሞኛል ትላለች። ባሏ ደግሞ ውሸቷን ነው፣ ከሥራ ሸሽታ ነው ይላል። እኛ ሽማግሌ ሆነን ተቀምጠናል። ታማ ከሆነ እስክትድን ወንድሟ ጋ ትቀመጥ። ካልታመመች ቤቷ ትመለስ። እንዲያ ነው ያልነው። አንተ ደሟን አይተሃል አሉኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «አባባ፣ ያቺ ሴት ምንም የለባትም። ደሟ ከእኔም ደም ይሻላል» አልኩ።

ሽማግሌው ጠጋ አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው፤ በወሬ መፍረድ አልፈለጉም። «ወላሂ? እንዴት ታውቃለህ?» አሉኝ። እኔን ደግሞ ወራት ሙሉ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ፤ ይሄንን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። «ይምጡ፣ ራስዎ ይዩት» ብዬ እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የሐሊማን ስላይድ አወጣሁ፣ ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ሌንሱን አስተካከልኩላቸው። ኦቦ ገመዳ በትራቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ከድነው አጎነበሱ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «ይሄ የሷ ነው?»

«የሷ ነው። እንደተሰጣ ምስር ክብ ክብ የሚሉትን ያያሉ? ቀይ የደም ሕዋስ ነው። በሽታ ቢኖር መሀሉ ላይ ይታይ ነበር። አለ?»

«የለም» አሉ። ስላይዱን እየገፋሁ ሌላ ቦታ አሳየኋቸው። «እዚህስ?» «የለም።» ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የማይክሮስኮፕ ብርሃን ላልለመደው እንዲያ ያደርጋል። መርቀውኝ ሄዱ። ያን ቀን እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በሸንጎው ላይ ኦቦ ገመዳ ተነስተው «ሌላ ሰው የነገረኝን አይደለም የምናገረው። በዓይኔ አይቻለሁ። የልጅቱ ደም ንጹሕ ነው» ብለው መሰከሩ። እንደሳቸው ያለ ሰው በዓይኑ አየሁ ካለ ማን ይከራከራል? ሐሊማ ወደ ባሏ ቤት ተመለሰች። ባሏ ይምታት አይምታት ዛሬም አላውቅም። የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ደሟን እንጂ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ወንድሟ ይዟት መጣ። ድምፅዋ ጠፍቷል። አፏን ትከፍታለች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አይወጣም። ጤና መኮንኑ ጉሮሮዋን አየ፤ ምንም የለም። ደም ይታይ ብሎ ወደ እኔ ላካት። መርፌውን ስሰካ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም። መስኮቱን ታያለች። «ያቃጥልሻል?» አልኳት በኦሮምኛ። ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ! መስደቢያውም ጠፍቷል። መቶውን ቦታ አየሁ፤ ምንም አልነበረም። ወጥቼ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።  ጋሽ ታዬ እንዲህ ሲሆን ምን ይሉ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ኦቦ ገመዳ ቤት ሄድኩ። «ተሳስቻለሁ። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ትልና ወባ ነው። የሚያቃጥላትን አያይም። እንድትመለስ ማድረግ አልነበረብኝም» አልኳቸው።

ተቆጡ። «አንተ አይደለህ እጄን ይዘህ ያሳየኸኝ? ያየሁትን አላየሁም ብዬ ልማል? በዚህ ዕድሜዬ!»

«ይማሉ አላልኩም፣ አባባ። ያዩት ልክ ነው። የሚበቃ አይደለም ነው የምለው።»

ብዙ አሰቡና «እንግዲያስ መጥተህ ለሁሉም ተናገር» አሉኝ።

ሄድኩ። ከትልቁ ጥድ ሥር ተቀምጠዋል፤ ባልየው፣ ወንድሟ፣ ሽማግሌዎቹ። ሐሊማ አልነበረችም። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እየተንተባተብኩ ሴትየዋ ታማለች አልኩ። ከባልየው ወገን አንዱ ተነስቶ «እሺ፣ በሽታው ስሙ ማን ነው?» አለኝ። «አላውቀውም» አልኩ። «ደሟ ላይ አለ?» «የለም።» «ሽንቷ ላይስ?» «የለም።» «ታዲያ ስሙን የማታውቀውን፣ ያላየኸውን በሽታ ታማለች የምትለው እንዴት ነው? ያን ጊዜ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?» አንዳንዶቹ ሳቁ። ልክ ነው፤ ያስቃል። ሠላሳ ስም አውቃለሁ በላቲን፤ ለሐሊማ የሚሆን አንድ አልነበረኝም። ኦቦ ገመዳ መሬት መሬት እያዩ ነበር። ፍርዱ አልተለወጠም።

ሳምንት ሳይሞላው፣ ሥራ ላይ እንዳለሁ፣ ከወደ መንደሩ የሴት ጩኸት ሰማሁ። አንዷ ጮኸች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ከየአቅጣጫው ሆነ። ነርሶቹ ሁሉ ወደ አጥሩ ሮጡ። ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ አንዳንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ቀጭን በትራቸውን ይዘው ወደ ባልየው ቤት ይተማሉ። ሲንቄ ይሏታል በትሯን፤ ያገባች ሴት ሁሉ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት ናት። ሴት ተበድላለች ከተባለ በዚያ በትር ይወጣሉ፤ በፊታቸው የሚያልፍ ወንድ የለም። በወጉ የምትጮኸው የተበደለችው ራሷ ናት። ሐሊማ ግን ድምፅ አልነበራትም።

ማታውን ኦቦ ገመዳ በጤና ጣቢያው በር ቆመው ጠበቁኝ። «የጮኸችላት የእኔ ባለቤት ናት» አሉኝ። ባልየው በሬ አርዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ሐሊማ ወንድሟ ጋ ሄዳለች።

«ባለቤትዎ በምን አወቁ?» አልኩ።

«እኔም እሱኑ ጠየቅኋት። ጎረቤቴ ናት፣ ስትስቅ አውቃታለሁ አለችኝ።» ትንሽ ቆሙና «እኔ ስትስቅ አላየኋትም» አሉ። በትራቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔ ዝውውር ጠየቅሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ወንድሟ ቤት ድረስ መሄድ ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል አሰላ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ምንም ያልተገኘበትን ሰው ሁሉ እየወጣሁ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ ወርቅነህ ወሬ ይወዳል» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ቤቴ የሚጠብቀኝ ወሬ አልነበረም።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ጠዋት ስነሳ ድንጋይ የጫኑብኝ ያህል ይከብደኛል። ለማን እነግራለሁ? አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የልብ ምርመራ አደረግሁ፣ ደም ሰጠሁ። ወረቀቱን በመስኮት አቀበሉኝ። «አባባ፣ ምንም የለብዎትም፤ ጭንቀት ነው» አለኝ ሐኪሙ፤ ትሑት ልጅ ነው፣ አልበደለኝም። ሜዳ ላይ ቆሜ ወረቀቱን አነበብኩ። ሁሉም ቁጥር ደህና ነው። ደረቴ ላይ ያለው ግን አልተነሳም። በዚያው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ በቆጂ ሄድኩ።

ሐሊማ አሁን እዚያ ገበያ ላይ ገብስ ትሸጣለች ብለው ከአገሯ የመጡ ሰዎች ነግረውኝ ነበር። በሴቶች መሀል ተቀምጣ አገኘኋት። ወፍራለች፤ ጠጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። «ስንት ልስፈር?» አለች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ ግን አለ። 

«ላብራቶሪ እሠራ የነበርኩት ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ» አለች።

«ደምሽን ለኦቦ ገመዳ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ገብሱን በመዳፏ አስተካከለች። «እሱስ አለፈ» አለች። ይቅር ማለቷ ይሁን አይሁን አልገባኝም፤ ደግሜ ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ።

«አሁንስ ያቃጥልሻል?»

«ያቃጥለኛል» አለች፣ ዛሬ ብርድ ነው እንደሚል ሰው። «አንዳንድ ቀን ይተኛል፣ አንዳንድ ቀን ይነሳል። ሲነሳብኝ እነዚህ ይሸጡልኛል።» አጠገቧ ያሉትን ሴቶች በአገጭዋ አሳየችኝ። ቀጥላ ቀና ብላ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። «እርስዎስ? ፊትዎ ልክ አይደለም። ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

ከእናቴ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል፤ ከኋላዬ ገዢ ቆሟል። አፍ የለመደውን ነው የሚናገረው።

«ምንም የለብኝም» አልኳት።

አመነችኝ።